ደቦን በአዘቦት ቀን እዩዋት፦ ለጉብኝትም ለንግድም ለሚያስቡ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዎቹ ሜልቦርን የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ባል የጭነት መኪና እየነዳ ወደ ብሪዝቤን ሲመላለስ በኒው ሳውዝ ዌልስ መሃል አገር የምትገኘውን ደቦን ያልፍባታል። በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቻቸውን ወስደው የእንስሳቱን ፓርክ ሊያሳዩ አስበዋል፤ ከተማዋ ከተስማማቻቸው ደግሞ ቡናና የአበሻ ምግብ የሚሸጥ ትንሽ ቤት ሊከፍቱባት ይፈልጋሉ። «ለጉብኝቱ ስንት ቀን ይበቃል? ንግዱስ ያዋጣል ወይ?» ብለዋል።

ሁለቱም ይቻላል። ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ከተማዋን በዕረፍት ሳምንት ብቻ አይታችሁ የኪራይ ውል አትፈርሙ። በዕረፍት ሳምንት ሞቴሉ ይሞላል፣ ካፌው ይሰለፋል። ኪራያችሁን የሚከፍለው ግን በኦገስት አጋማሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሳለ በራችሁን ከፍቶ የሚገባው ሰው ነው። እሱን ቆጥራችሁ ወስኑ። አቆጣጠሩን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስሟ። አጠራሯ ከእኛ «ደቦ» ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ «ዱቦ» ብላችሁ ብትጠይቁ ላይገባቸው ይችላል። ከሲድኒ በስተሰሜን ምዕራብ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በማኳሪ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 275 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ምድሩ ከአውስትራሊያ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዊራጁሪ ሕዝብ ምድር ነው፤ ወንዙንም ዋምቡል ይሉታል። በ2021 ቆጠራ ከተማዋ ብቻ 43,000 ያህል፣ በ2016 ከዌሊንግተን ጋር ከተዋሐደው የአካባቢ አስተዳደር (ካውንስል) ጋር ደግሞ 55,000 ያህል ነዋሪ ነበራት። ከእነዚህም ከስድስቱ አንዱ ገደማ የቀደምት ሕዝቦች ተወላጅ ነው። ከውጭ አገር ተወልደው ከመጡት ሕንዶችና ኔፓሎች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ቅመም የበዛበት ምግብ ለከተማው እንግዳ አይደለም።

የከተማዋ ጉልበት ግን ከነዋሪዋ ቁጥር አይታወቅም። ሦስት አውራ ጎዳናዎች ይገናኙባታል፦ ከቪክቶሪያ ድንበር እስከ ኩዊንስላንድ ድንበር የሚዘልቀው ኒዌል፣ ከሲድኒ በኩል በባትኸርስትና በኦሬንጅ የሚመጣው ሚቸል፣ ከኒውካስል በኩል የሚመጣው ጎልደን። ከቦርክ፣ ከኮባር፣ ከኒንገን፣ ከዎልጌት፣ ከኩናምብል ያለ ሰው ለሆስፒታል፣ ለጥርስ ሐኪም፣ ለትራክተር መለዋወጫ፣ ለልጅ የትምህርት ቤት ልብስ ደቦ ይመጣል። አንዳንዱ ሦስትና አራት ሰዓት ነድቶ ነው የሚደርሰው። ይህ ሰው ገበያውን ሲጨርስ ይርበዋል፤ ወደ ቤቱም የሚመለሰው ረጅም መንገድ ይዞ ነው። ዋናው ደንበኛችሁ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ቱሪስቱ ምርቃት ነው።

ወደ ጉብኝቱ ልግባ። ሰዓቶቹን የምጽፈው በአውስትራሊያ አቆጣጠር ነው።

ከሜልቦርን በሸፐርተንና በቶከምዋል አድርጋችሁ ኒዌልን ይዛችሁ፣ በናራንደራ፣ በዌስት ዋያሎንግ፣ በፎርብስና በፓርክስ ስታልፉ መንገዱ 830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይቆሙ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል፤ ከልጆች ጋር ግን በአንድ ቀን አትሞክሩት፣ መሃል ላይ እደሩ። ባለቤትሽ ይህን ያውቀዋል፣ አንቺ መሪውን ስትይዢ ግን ሁለት ነገር አስቢ። አንደኛ፣ ካንጋሮ በብዛት የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከፊትሽ ከገባ መሪ አትጠምዝዢ፤ ቀጥ ብለሽ ፍሬን ያዢ። ሰው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ እንስሳውን ለማዳን ሲጠመዝዝ፣ መኪናው ከዛፍ ወይም ከፊት ከሚመጣ መኪና ጋር ሲጋጭ ነው። ሁለተኛ፣ በኒዌል ላይ እስከ 36.5 ሜትር የሚረዝሙ ተጎታች የሚስቡ የጭነት መኪኖች አሉ። ለመቅደም የምትቆጥሪው ርቀት ለተራ ጭነት መኪና ከለመድሽው እጅግ ይበልጣል፤ የመቅደሚያ መስመር እስኪመጣ መታገሥ ይሻላል። ከሲድኒ ለሚመጣ ዘመድ ደግሞ በቀን አንድ ባቡር አለ፤ ጉዞው ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ መቀመጫ አስቀድሞ ይያዛል።

ለከተማዋ ሁለት ሌሊት ይበቃል። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ቀን የሥራ ቀን ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ታዩታላችሁ።

የእንስሳቱ ፓርክ፣ ታሮንጋ ዌስተርን ፕሌይንስ ዙ፣ የተከፈተው በ1977 ነው፤ ከመሃል ከተማ በስተደቡብ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። እንደ ከተማ መካነ አራዊት በብረት ፍርግርግ የተዘጋ ሳይሆን በሰፊ ሜዳ ላይ የተዘረጋ፣ እንስሳቱ በቦይና በግንብ ተከልለው የሚታዩበት ነው። ዙሪያው ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፤ በራሳችሁ መኪና፣ በኪራይ ብስክሌት ወይም በትንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪ ይዞራል። ጥቁር አውራሪስን በማራባት የታወቀ ስለሆነ ልጆቹ በአፍሪካ ምድር የመጥፋት አደጋ ያለበትን እንስሳ እዚያ ያዩታል። አብዛኛው ጎብኚ የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው፦ ቁርስ በልቶ፣ ተዘጋጅቶ 11 ሰዓት ላይ ይገባል። በበጋ በዚያ ሰዓት እንስሳው ጥላ ፍለጋ ተደብቋል፣ ሕፃናቱም በሙቀት ተዳክመዋል። በሩ ሲከፈት 9 ሰዓት ላይ ግቡ፤ ከሩቁ ጫፍ ጀምራችሁ ወደ በሩ ተመለሱ። ትኬቱ ለተከታታይ ሁለት ቀን የሚያገለግል መሆኑን ስትገዙ ጠይቁ፤ ከሆነ የመጀመሪያውን ጠዋት ግማሹን፣ የሁለተኛውን ጠዋት ቀሪውን አድርጉት። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት ያዙ። ጃንዋሪ ላይ አማካይ የቀን ሙቀት 33 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከ40 የሚያልፍበትም ቀን አለ። ጁላይ ላይ ግን ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ጋቢ ብትይዙ አታፍሩበትም።

ከሰዓቱን በማኳሪ ጎዳና ላይ ባለው የድሮ ወህኒ ቤት አሳልፉት። በ1966 ተዘግቶ በ1974 ለጎብኚ ተከፍቷል። ስምንት ሰዎች በስቅላት የሞቱበት ቦታ ነው፣ መስቀያውም ይታያል፤ ስለዚህ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካላችሁ ያንን ክፍል ዝለሉት። አመሻሽ ላይ በወንዙ ዳር የተዘረጋው የትራከር ራይሊ የብስክሌት መንገድ አለ፤ ስሙ ለአሌክ ራይሊ መታሰቢያ ነው፣ በዱካ ፍለጋ ታዋቂ የነበረ፣ በክፍለ ሀገሩ ፖሊስ የሳጅንነትን ማዕረግ ለማግኘት ከቀደምት ሕዝቦች የመጀመሪያው ሰው። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ልጅም ይነዳዋል። ወንዙ ውስጥ ለመዋኘት ግን ውኃው የረጋ ቢመስልም ከሥር ግንድ አለበት፤ ከበርንዶንግ ግድብ ውኃ ሲለቀቅም ፍጥነቱ ይለወጣል። ልጆችን ብቻቸውን አታስገቡ።

ስትመለሱ በፓርክስ በኩል ስለሆነ፣ ከፓርክስ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተሰሜን ያለውን ባለ 64 ሜትሩን የራዲዮ ቴሌስኮፕ እለፉበት። በ1961 የተሠራ ነው፤ በ1969 ሰው ጨረቃ ላይ ሲራመድ የታየው ምስል አብዛኛው በእሱ በኩል ነው የተላለፈው። ወደ ሲድኒ የምትቀጥሉ ከሆነ ደግሞ የዌሊንግተን ዋሻዎች 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው።

አንድ የምግብ ነገር፦ በእንዲህ ያለ የገጠር ከተማ ወጥ ቤት ማታ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፣ ካፌው ከሰዓት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ። እሑድና ሰኞ ጨርሶ የማይከፍትም አለ። ይህ ለጎብኚ ችግር ነው፣ ለእናንተ ግን ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ማስታወሻ ያዙበት።

አሁን ወደ ንግዱ። ያልኳችሁን የሥራ ቀን እንዲህ ተጠቀሙበት። ከጠዋቱ 6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት ልትከራዩት ባሰባችሁት ቤት ፊት ቁሙ። በየግማሽ ሰዓቱ ስንት ሰው በእግር አለፈ፣ ስንቱ ቡና ይዞ አለፈ ብላችሁ ጻፉ። ከ12 እስከ 2 ድገሙት። ሰኞና ሐሙስን ለዩ፤ የከብት ገበያው በአገሪቱ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ስለሆነ፣ የበግና የጠቦት ሽያጭ ሰኞ፣ የሥጋ ከብት ሽያጭ ሐሙስ ሲሆን ከተማው ሌላ ሰው ይገባበታል። ኖቬምበርና ዲሴምበር ደግሞ የስንዴ አጨዳ ነው፤ ገበሬው ከማሳው አይወጣም፣ ምሳ ግን ሊታዘዝለት ይችላል።

ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ ሒሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ የሚከተለውን እንያዝ። ኪራይ በሳምንት 800 ዶላር፣ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ከነጡረታ መዋጮው (ሱፐር) እና ከነኢንሹራንሱ 1,400፣ መብራትና ሌላው 300 ቢሆን ድምሩ 2,500 ነው። አንድ ቡና በ5.50 ብትሸጡ 50 ሳንቲሙ የሽያጭ ታክስ (ጂኤስቲ) ነው፤ የእናንተ አይደለም። ከቀሪው 5 ዶላር ቡናው፣ ወተቱና ኩባያው 1.50 ቢወስዱ 3.50 ይተርፋል። 2,500ን ለ3.50 ስታካፍሉ 714 ሲኒ ይወጣል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ብትሠሩ በቀን 119። ይህ ገና ለራሳችሁ አንድ ሳንቲም ሳይከፈል ነው። በቦታው የቆጠራችሁት ሰው ይህን የማይሸከም ከሆነ ቤቱ ቢያምርም ተዉት።

ብዙ ሰው «ጭነት መኪናው ሁሉ በደቦ ስለሚያልፍ ሹፌሩ ይገባልናል» ይላል። ባለቤትሽን ጠይቂው፦ ሠላሳ ሜትር መኪና ማኳሪ ጎዳና ላይ የት ይቆማል? ሹፌሩ የሚበላው ሰፊ ማቆሚያ ባለበት ነዳጅ ማደያ ነው። በዚያ ላይ በሪቨር ስትሪት በኩል የተጀመረው አዲስ የማኳሪ ወንዝ ድልድይ ዓላማ በጎርፍ ጊዜም የኒዌል መንገድ እንዳይቆረጥ ማድረግና የመኪናውን ፍሰት መለወጥ ስለሆነ፣ «መኪና የሚያልፍበት ነው» ተብሎ ዋጋ የተጨመረበትን ቤት ከመያዛችሁ በፊት ካውንስሉን የመንገድ ካርታ ጠይቁ።

የኔ ምክር ሱቅ ከመከራየታችሁ በፊት ሦስት ወር በገበያ ድንኳን እንድትሞክሩት ነው። በወሩ በተወሰኑ ቅዳሜዎች ጠዋት በወንዙ ዳር የገበሬዎች ገበያ ይቆማል። ለድንኳንም ቢሆን የደቦ ሪጅናል ካውንስል ሊያውቃችሁ ይገባል። የሚጠይቁት ነገር ግልጽ ነው፦ ለእጅ ብቻ የሚሆን የሚፈስ ውኃና ሳሙና፣ ከአንድ ዲግሪ በላይ የማይሳሳት ቴርሞሜትር፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች፣ ትኩሱ ከ60 በላይ። ከእናንተ አንዱ የፉድ ሴፍቲ ሱፐርቫይዘር (የምግብ ደኅንነት ተቆጣጣሪ) የምስክር ወረቀት ይኑረው፤ በኒው ሳውዝ ዌልስ አምስት ዓመት ያገለግላል። ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ምግብ የሚነካ ሠራተኛ ሁሉ ሥልጠና ወይም በቂ ዕውቀትና ችሎታ እንዲኖረውም ግዴታ ሆኗል።

የእኛ ምግብ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በማቀዝቀዝ ላይ ነው። ደንቡ ወጡ ከ60 ወደ 21 ዲግሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ከ21 ወደ 5 ደግሞ በቀጣዩ አራት ሰዓት ውስጥ ይውረድ ይላል። ሃያ ሊትር ድስት ሙሉ ቀይ ወጥ በክዳኑ ፍሪጅ ቢገባ መሃሉ እስኪነጋ ሙቅ ነው፣ ባክቴሪያ የሚራባው እዚያው ነው። ከአምስት ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በሰፋፊ ትሪ አስጡት፤ ሲበርድ አንድ ላይ ይቀላቀል።

እንጀራው ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው መብራት ነው። ተራው የአውስትራሊያ ሶኬት 10 አምፔር ስለሆነ ከ2,300 ዋት ትንሽ በላይ ብቻ ይሸከማል። ከአገር ቤት የሚመጣው ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል። ሶኬቱ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይቀልጣል፣ ወይም ቆጣሪው ላይ ያለው መቁረጫ በምሳ ሰዓት ይወድቃል። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ለብቻው መስመር ይዘርጋ፤ ራስ በራስ መሥራት በሕግም ክልክል ነው፣ እሳት ቢነሳ ኢንሹራንሱ እንዳይከፍላችሁም ምክንያት ይሆናል። ሁለተኛው «ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለበትም» የሚለው ቃል ነው። ጤፍ በራሱ ግሉተን የለውም፣ በዚህ ክፍለ ሀገር በሪቨሪና አካባቢም ይበቅላል፤ ጥሩ መሸጫ ነው። ግን በአውስትራሊያ ያንን ቃል ለመጻፍ ግሉተን በምርመራ ጨርሶ የማይገኝበት መሆን አለበት። ሊጡ ገብስ ወይም ስንዴ ከነካ፣ ወይም በዚያው ምጣድ ሌላ ከተጋገረ፣ ቃሉን አትጻፉት። ሴሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን የሚያስነሣው ሕመም ያለበትን ሰው በእርግጥ ታሳምማላችሁ። ንጥር ቅቤ ወተት መሆኑን፣ ሰሊጥና ለውዝ ያለበትንም ለጠየቃችሁ በትክክል ንገሩ።

ከኢትዮጵያ በሻንጣ የመጣ በርበሬና ሽሮ በአየር ማረፊያው ሁሉም ይመዝገብ፤ ያለመመዝገቡ ነው ቅጣት የሚያመጣው። ለሽያጭ ግን በሕጋዊ አስመጪ በኩል የገባ ብቻ ተጠቀሙ።

ምን ልሸጥ ላላችሁት፦ መጀመሪያ ሰው የሚያውቀውን ወተት ያለው ቡና በጥሩ የይርጋ ጨፌ ወይም የሲዳማ ቡና ሥሩት። ምሳ ላይ በሣጥን የሚያዝ ምስር፣ ጎመንና አልጫ ከእንጀራ ወይም ከሩዝ ጋር ይሁን፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ነድቶ የሚመለስ ሰው በመኪና ውስጥ የሚበላው ይፈልጋል። ሙሉውን ትሪና የቡና ሥነ ሥርዓቱን አርብና ቅዳሜ ማታ አድርጉት፣ በቀጠሮ። ቡና ሱቁ ውስጥ ስትቆሉና ዕጣን ስታጤሱ የጢስ ማንቂያው ሕንፃውን ሁሉ ስለሚያስወጣ፣ ጢሱን የሚስበው ማራገቢያ ሥር ብቻ ይሁን።

ሱቅ ስትመርጡ ቀድሞ ምግብ ቤት የነበረውን ፈልጉ። ልብስ ቤት የነበረውን ወደ ምግብ ቤት ለመቀየር የካውንስል ፈቃድ፣ የጢስ መሳቢያና ግሪስ ትራፕ (የቅባት ማጣሪያ) ያስፈልጋል፤ የቆሻሻ ውኃው ፈቃድም ለብቻው ነው። ርካሽ የመሰለው ኪራይ የሚወደደው እዚህ ላይ ነው። አከራዩ ውሉን ከመፈረማችሁ ቢያንስ ሰባት ቀን አስቀድሞ የወጪዎቹን መግለጫ ሊሰጣችሁ በሕግ ይገደዳል፤ ካልሰጠ አትፈርሙ። ስትወጡ ቤቱን ወደ ነበረበት መልሱ የሚለውን አንቀጽ ጠበቃ ያንብብላችሁ። ኤቢኤን (የንግድ መለያ ቁጥር) ማውጣት ነፃ ነው፣ ዓመታዊ ሽያጫችሁ 75,000 ዶላር ከደረሰ ለጂኤስቲ ትመዘገባላችሁ። ሠራተኛ ከቀጠራችሁ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ሱፐሩ 12 በመቶ ነው፣ ቋሚ ሠራተኛ እሑድ ሲሠራም አንድ ተኩል ይከፈላል። እሑድ መክፈትን ከዚህ ጋር አስሉት።

ሕንፃውን ስታዩ የበሩን ሥር እዩ። በ2021 ይህን አካባቢ የአይጥ መንጋ አጥለቅልቆት ነበር፤ አይጥ በእርሳስ ውፍረት ቀዳዳ ይገባል። በር ሥር ብረት ያለው መዝጊያ፣ ለዱቄትና ለበርበሬ የሚከደን ቆርቆሮ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ያስፈልጋል። የቤቱን አየር ማቀዝቀዣም ጠይቁ፦ ብዙ ቤት ውኃ የሚያተን ዓይነት ነው፣ መስኮት ተከፍቶ ነው የሚሠራው፤ በደረቅ ሙቀት ግሩም ነው፣ እንፋሎት በሞላበት ወጥ ቤት ግን አይረዳም።

መኖሪያ ቤት ከሱቁ በፊት ፈልጉ። ከተማዋ በሴንትራል ዌስት ኦራና የታዳሽ ኃይል ቀጠና ሥራ ዳር ስለሆነች፣ የንፋስና የፀሐይ ኃይል ግንባታ ሠራተኛ ሞቴሉንና የኪራይ ቤቱን ይሻማል። ለንግዳችሁ ግን ጥሩ ነው፦ ጠዋት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ቁርስና ምሳ በሣጥን የሚወስድ ቡድን ካገኛችሁ ከቱሪስት የበለጠ የተረጋገጠ ነው።

የቪዛ ነገር የሚመለከተው ዘመድ ካላችሁ፣ ደቦ ለ491 (ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ለሚኖር ባለሙያ ለሚሰጠው ጊዜያዊ) ቪዛ እንደ ገጠር አካባቢ ትቆጠራለች፣ ሜልቦርን ግን አትቆጠርም። ሦስት ዓመት ኖሮበት መስፈርቱን ያሟላ ሰው ለቋሚ መኖሪያው 191 ቪዛ ያመለክታል። በአሠሪ ቪዛ ያለ ሰው የራሱን ሱቅ ለመክፈት ከማሰቡ በፊት የተመዘገበ የኢሚግሬሽን ወኪል ያማክር።

ለፋሲካና ለጥምቀት ቤተ ክርስቲያን ፍለጋ ሲድኒ ብትወርዱ አምስት ስድስት ሰዓት መንገድ መሆኑንም ከልጆቹ ጋር ተነጋገሩበት። ያንን የማክሰኞ ጠዋት ደንበኛ ለመቁጠር በኦገስት ስትመለሱ ሁለት ሌሊት ያዙ፣ ማክሰኞና ረቡዕ፤ ደብተርና ወፍራም ጃኬት አትርሱ።